ስለ ፋካሪ ደሴት ድኝና በዚያ ስለ ቀሩት ዐሥር ሠራተኞች

በቋንቋችን እሳት የሚተፋ ተራራ እሳተ ገሞራ ተብሎ መጠራቱ፣ አባቶቻችን በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን የሰዶምንና የገሞራን ጥፋት ሲያነቡና ሲተረጕሙ ኖረው፣ ከሰማይ የወረደውን ያን መዓት ከምድር ከርሥ ከሚፈልቀው እሳት ጋራ በአንድ ስም ስላስተባበሩት ነው፤ ከእሳቱም ጋራ አብሮ የዘነበው፣ በግእዝ ተይ፣ በአማርኛ ዲን ወይም ድኝ የሚባለው ቢጫ ማዕድን ከዚያው ታሪክ ጋራ ተቈራኝቶ ስለ ቀረ፣ ስሙ በተነሣ ጊዜ ለሰሚው ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው ቍጣ እንጂ ሲሳይ አይደለም። ይሁን እንጂ ድኝ ከቤታችን የራቀ ነገር አይደለም፤ እናቶቻችን ምድጃ የሚያቀጣጥሉበት ክብሪት ስሙን ያገኘው ዐረቦች ድኝን ከሚጠሩበት ቃል ነው፤ ጥንታዊው ባሩድም ያለ ድኝ ባሩድ አይሆንም ነበር፤ በደንከል በረሃ ዳሎልን ያየ መንገደኛም ቢጫውን ቅርፊት በእግሩ ረግጦታል። ዛሬ ለአንባቢ የማቀርበው ግን ከአገራችን እጅግ የራቀች፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ደቡብ የምትገኝ የአንዲት ደሴት ታሪክ ነው፤ የድኝ ሀብት አለባት ተብሎ ሰዎች ደጋግመው ወረዱባት፣ ዐሥር ሠራተኞችም በአንድ ጊዜ በአፈር ተውጠው ቀሩባት። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ደሴቲቱ የኒው ዚላንድ ነባር ሕዝብ በሆኑት በማኦሪዎች ቋንቋ ፋካሪ፣ በእንግሊዞች ዘንድ ደግሞ ነጭ ደሴት ትባላለች። የምትገኘውም ከኒው ዚላንድ የሰሜኑ ታላቅ ደሴት ጠረፍ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕር ገባ ብሎ ነው፤ በባሕሩ ዳር ያለችው የቅርብ ከተማ ፋካታኔ ትባላለች። ከሩቅ ለሚመለከታት ከባሕሩ በላይ 321 ሜትር ከፍ ያለች ኮረብታ ትመስላለች፤ ነገር ግን ከውኃው በላይ የሚታየው የአንድ ትልቅ ተራራ ራስ ብቻ ነው፤ ትከሻውና ወገቡ በባሕር ተሰውሮ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ ቢለካ 1,600 ሜትር ያህል ይሆናል። የተራራው ራስ ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፤ የእሳቱ አፍ የነበረው ሰፊ ጕድጓድ በሦስት ወገን በገደል ግድግዳ ተከብቦ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ግን ግድግዳው ፈርሶ ለባሕር ተከፍቷል፤ የጕድጓዱም ወለል ከባሕሩ ገጽ 30 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም። በሌላ አገር የእሳተ ገሞራን አፍ ለማየት የሚሻ ሰው ቀኑን ሙሉ አቀበት ሲወጣ ይውላል፤ በፋካሪ ግን ከጀልባ የወረደ ሰው ደልዳላ ሜዳ ላይ የሚሄድ መስሎት ጥቂት እንደ ተራመደ ራሱን በተራራው ሆድ ውስጥ ያገኘዋል። ይህ የቦታው ገርነት ለብዙ ሰው ወጥመድ እንደ ሆነ ወደ ፊት እንመለከታለን።

ማኦሪዎች ስለዚች ደሴት የሚተርኩት ነገር፣ እንደ ተረት ብቻ ተሰምቶ የሚታለፍ አይደለም። ንጋቶሮኢራንጊ የተባለው ካህናቸው፣ ቴ አራዋ በተባለችው ጀልባ ከአባቶቹ አገር ከሐዋይኪ ተሻግሮ ከመጣ በኋላ፣ በምድሪቱ መካከል ያለውን የቶንጋሪሮን ተራራ ሲወጣ በረዶና ብርድ ሊገድለው ደረሰ፤ በዚያን ጊዜ በሐዋይኪ የቀሩትን እኅቶቹን እሳት እንዲልኩለት በጸሎት ጠራቸው፤ እነርሱም እሳቱን በመናፍስት እጅ ላኩለት። መናፍስቱ ከባሕር በታች፣ ከምድርም በታች ሲጓዙ፣ የደረሱበትን ቦታ ለማወቅ መጀመሪያ ራሳቸውን ቀና ያደረጉት በፋካሪ ነበር፤ በዚያም ምድሪቱ ነደደች፤ ከዚያ በኋላ በየመንገዱ ብቅ ባሉበት ቦታ ሁሉ ፍል ውኃና እንፋሎት እየተዉ ካህኑ ዘንድ ደረሱ። ዛሬ የሥነ ምድር ሊቃውንት፣ የሰላማዊ ውቅያኖስ ወለል ወደ ምድር ከርሥ እየሰጠመ የሚያቀልጠውን የእሳት መሥመር በካርታ ሲያሰምሩ፣ መሥመሩ ከፋካሪ ተነሥቶ በሮቶሩዋ ፍል ውኆች አልፎ ወደ ቶንጋሪሮ ይወርዳል፤ ይህም ማኦሪዎች መናፍስቱ ተጓዙበት ከሚሉት መንገድ ጋራ አንድ ነው። ጽሕፈት ያልነበረው ሕዝብ ተራራን ከተራራ፣ ፍል ውኃን ከፍል ውኃ በአንድ ትረካ አያይዞ ለልጅ ልጅ ማስተላለፉ እጅግ ያስደንቀኛል። ማኦሪዎች በየወቅቱ በታንኳ እየተሻገሩ የባሕር ወፍ ጫጩት ይለቅሙባት ነበር፤ ቤት ሠርተው ግን አልተቀመጡባትም።

ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1769 በዚያ ጠረፍ ሲያልፍ ደሴቲቱ ሁልጊዜ ነጭ መስላ ስለ ታየችው ነጭ ደሴት አላት፤ ነጩ ነገር ከእሳቱ አፍ የሚወጣው እንፋሎት መሆኑን ግን አላስተዋለም። ከ57 ዓመት በኋላ፣ በ1826፣ የወንጌል መልእክተኛው ሄንሪ ዊሊያምስ ወረደባት፤ ከአውሮፓውያን ወገን እግሩ ደሴቲቱን እንደ ረገጠ የተመዘገበለት የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ደግሞ ፊሊፕ ታፕሴል የተባለ የዴንማርክ ተወላጅ መርከበኛ በሁለት በርሜል ሮም መጠጥ ከማኦሪዎች ገዛት ይባላል። በዚህ ዐይነት ዋጋ የአባት ርስት መለወጡ በዚያ ዘመን በብዙ አገር የተፈጸመ በደል ስለ ሆነ ብዙ አልልበትም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋካሪ የወፍ መልቀሚያና የትረካ መነሻ መሆኗ ቀርቶ፣ የምትሸጥና የምትለወጥ ንብረት ሆነች።

ለመሆኑ ድኝ በዚያ ዘመን ይህን ያህል የተፈለገው ለምንድን ነው? የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኢንዱስትሪ ሥራ ሁሉ፣ ጨርቁን ማንጣት ቢሆን፣ ሳሙናና መስተዋት መሥራት ቢሆን፣ ሰልፈሪክ አሲድ በሚባለው፣ ከድኝ በሚወጣው ብርቱ ፈሳሽ ላይ የቆመ ነበር። ድኙን በብዛት የሚሸጠው የሲሲሊ ደሴት ነበርና፣ በ1838 የዚያ አገር ንጉሥ የድኙን ንግድ ለአንድ የፈረንሳይ ማኅበር ብቻ በሰጠ ጊዜ፣ እንግሊዝ እጅግ ተቈጥታ እስከ መርከብ ጦር መላክ ደረሰች፤ ለአንድ ቢጫ ድንጋይ ሁለት መንግሥታት ሊዋጉ ተቃርበው ነበር ማለት ነው። በኒው ዚላንድ በኩል ደግሞ ሌላ ችግር ነበር፤ የአገሩ ሀብት በግና ላም፣ የበጉና የላሙም ሕይወት ሣር ነው፤ ምድሩ ግን ፎስፎረስ ያነሰው ስለ ነበር፣ ከውጭ የመጣውን የፎስፌት ድንጋይ በአሲድ አሟሙተው ሱፐርፎስፌት የሚባለውን ማዳበሪያ መሥራት ግድ ሆነባቸው። ለአሲዱ የሚሆነው ድኝ ከሲሲሊ በመርከብ ግማሽ ዓለም ዞሮ ከሚመጣ፣ ከጠረፉ ላይ ሆኖ በዐይን የሚታየው ተራራ በቢጫ ተሸፍኖ ሲታይ፣ እርሱን ቈፍሮ ማውጣት ለማንም ነጋዴ የሚቀል ይመስላል። በ1880ዎቹ አጋማሽ ላይ የመጀመሪያው የማዕድን ሥራ ተጀመረ፤ ነገር ግን አልጸናም። በ1886 በዚያው አውራጃ የታራዌራ ተራራ በሌሊት ፈንድቶ ከመቶ በላይ ሰው ሲገድል የአገሩ ሰው ሁሉ የእሳቱን ኀይል ዐየ፤ ሆኖም በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ገደማ ሁለተኛ ጊዜ፣ በ1913 ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ወደ ፋካሪ ተመለሱ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነገር ለመረዳት፣ ድኝ በተራራ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ታግሠህ መመልከት ያስፈልግሃል። ከተራራው ሥር ያለው የቀለጠ ድንጋይ በሚፈላበት ጊዜ ከውኃ እንፋሎት ጋራ ሁለት ዐይነት ጋዞች ይወጣሉ፤ አንዱ እንደ ገማ ዕንቍላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ፣ ሁለተኛውም ጕሮሮ የሚያንቀው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። እኒህ ሁለቱ ወደ ምድር ገጽ ቀርበው፣ በረድ ባለ ቦታ በተገናኙ ጊዜ፣ አንዱ ሌላውን አፍርሶ ውኃና ንጹሕ ድኝ ይሆናሉ፤ ድኙም በቀዳዳው አፍ ዙሪያ እንደ መርፌ የቀጠነ ቢጫ ፍሬ ሆኖ ይረጋል፣ በድንጋዩም ስንጥቅና ቀዳዳ ሁሉ ገብቶ ይሞላል። የእንፋሎቱ መውጫ በደንበኛ ቀን ከፈላ ውኃ ይብሳል፤ አንዳንድ ጊዜም በብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል፤ ድኝ ግን ከ115 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ስለሚቀልጥ፣ ከላይ የታየው ቢጫነት ወደ ታች እየወፈረ ይሄዳል ብሎ የሚቈፍር ሰው፣ ጥቂት እንደ ቈፈረ ከግለቱ ጋራ ይገናኛል እንጂ ከሀብቱ ጋራ አይገናኝም። የእሳተ ገሞራን ድኝ የሚፈልጉ ሁሉ በብዙ አገር የተታለሉት በዚህ ነው፤ ቀለሙ ከመጠኑ ይልቅ ይጮኻል።

ሌላው ነገር ግን ከዚህ የከፋ ነው። ከእንፋሎቱ የተረፈው ጋዝ ከውኃና ከአየር ጋራ ተዋሕዶ ራሱ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፤ ሰው በፋብሪካ በድካም የሚሠራውን ተራራው በገዛ ከርሡ ያፈላዋል። የፋካሪ ድንጋይ አንዴሳይት የሚባለው፣ ጥቍርና ጠንካራ፣ በመዶሻ ቢመቱት እንደ ብረት የሚጮህ ድንጋይ ነበር፤ በዚያ አሲድ ለብዙ ዘመን ሲታጠብ ግን ብረቱና ሌላው ንጥረ ነገር እየታጠበ ወጥቶ፣ የቀረው ነጭና ግራጫ ሸክላ አፈር፣ ጀሶ፣ እንደ አጥንት የተቦረቦረ ድንጋይ ሆነ። ጠቢባኑ ይህን የተለወጠ ዐለት ይሉታል፤ እኔ ግን የበሰበሰ ዐለት ብለው ይቀለኛል። ስለዚህ የድኙ ባለጠግነት የታየበት ቦታ ሁሉ፣ ግድግዳው ውስጥ ለውስጥ የተበላበት ቦታ ነው፤ ድኙን የሰጠ እጅና ድንጋዩን ያላቈጠ እጅ አንድ ነው። ማዕድን ፈላጊው ቢጫውንና ነጩን ዐይቶ እዚህ ሀብት አለ ይላል፣ እውነቱንም ነው፤ ነገር ግን ይኸው ምልክት ከራሱ በላይ የተንጠለጠለው ገደል ከእንግዲህ ዐለት አለመሆኑን ይናገራል። በ1913 ወደ ደሴቲቱ የወረዱት ሰዎች የመጀመሪያውን ምልክት አነበቡ፤ ሁለተኛውን የሚያነብላቸው አልነበረም።

ሠራተኞቹ መኖሪያቸውን የሠሩት በጕድጓዱ ውስጥ፣ ለሥራውና ለማረፊያው ቅርብ በሆነው ቦታ፣ በባሕሩ አቅጣጫ ነበር። የሚኖሩት ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበር ከቦታው ጠባይ መገመት ይቻላል፤ አሲድ ያዘለው ጉም ብረቱን በየዕለቱ ዝገት ያበላዋል፣ የጥጥ ልብስን እያላመ ይቀዳድዳል፣ ዐይንን ያስለቅሳል፤ የሚጠጣ ውኃ፣ ሣር፣ ጥላ የሚሆን ዛፍ በዚያ ጕድጓድ ውስጥ የለም። ከሰው ጋራ የሚያገናኛቸው በዋናው ምድር ጠረፍ ካለችው ከኦፖቲኪ ከተማ ስንቅ እየጫነ የሚመጣው ትንሽ የሞተር ጀልባ ብቻ ነው፤ እርሱም ባሕሩ ሲፈቅድ ይመጣል፣ ሳይፈቅድ ይቀራል። ጦርነት በአውሮፓ በ1914 ተጀምሮ የዓለም ሰው ጆሮ ሁሉ ወደዚያ ባዘነበለበት ሰሞን፣ ዐሥር ሰዎች በእሳት ተራራ ሆድ ውስጥ አካፋና ዶማ ይዘው ነበር።

ጥፋቱ የሆነው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር፣ በአሥረኛው ቀን ገደማ እንደ ሆነ ይታሰባል፤ በእኛ አቈጣጠር ጳጕሜን አልቆ፣ ዘመነ ማርቆስ ለዘመነ ሉቃስ ሊያስረክብ የተቃረበበት፣ በአገራችን ልጆች አበባ የሚለቅሙበት ሰሞን ነው። ከጕድጓዱ ምዕራባዊ ግድግዳ አንዱ ወገን ተንዶ ወደ ታች ወረደ፤ ከወለሉ ውኃና ከእንፋሎቱ ጋራ ተቀላቅሎ እንደ ጐርፍ የሚሮጥ የድንጋይና የጭቃ ማዕበል ሆነ፤ በመንገዱ የነበረውን ሁሉ፣ ቤቱንም፣ መሣሪያውንም፣ ሰዎቹንም ጠርጎ ወደ ባሕሩ ገሠገሠ። ይህን ያየ ሰው ስለሌለ፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ በእንቅልፍ ይሁን በሥራ፣ የሚናገር ምስክር አልተገኘም። ከቀናት በኋላ ስንቅ ይዞ የመጣው ጀልባ የሚቀበለው ሰው አጣ፤ የወረዱትም ሰዎች ካምፑ በነበረበት ቦታ ያገኙት ጥልቅ ጭቃና የድንጋይ ክምር ነበር። ፈለጉ፤ ከዐሥሩ የአንዱን ሬሳ እንኳ ሳያገኙ ተመለሱ። ማኅበረ ካህናት ተሰብስቦ ፍትሐት የሚያደርስበት፣ ዘመድ አፈር የሚያለብስበት፣ ሐውልት የሚተከልበት መቃብር አልኖራቸውም።

ከዚያ ካምፕ በሕይወት የተገኘው አንድ ድመት ብቻ ነው። ድመቱ ከሰዎቹ ጥፋት በኋላ በደሴቲቱ ብቻውን ሰንብቶ፣ የመጡት ሰዎች ወደ ዋናው ምድር ወሰዱት፤ እንደ ሩሲያው ንጉሥም ታላቁ ጴጥሮስ ብለው ሰየሙት። ይህን ነገር ስጽፍ ልቤ አይረጋጋም። ስለ ፋካሪ በተጻፈው በብዙው ጽሑፍ የድመቱ ስም ሳይጠራ አይቀርም፤ ዐሥሩ ሠራተኞች ግን በቍጥር ብቻ ዐሥር ሰዎች እየተባሉ ይታለፋሉ። ሰው በሐዘን ጊዜ ለዐይኑ የሚታየውን ሕያው ነገር መያዙ የሚገባ ነው፤ ድመቱንም ያነሡትን አልነቅፍም፤ ሆኖም እነዚያ ሰዎች እናት ያላቸው፣ ደመወዛቸውን የሚጠብቅ ቤተ ሰብ ያላቸው ነበሩ፤ በዓለም ጦርነት መጀመሪያ የሞቱ ስለ ሆኑም፣ በብዙ ሺህ ሬሳ ወሬ ውስጥ የእነርሱ ወሬ ቶሎ ተሸፈነ።

በ1923 ሥራው እንደ ገና ተጀመረ። የዚህ ጊዜዎቹ ሰዎች ካለፈው ተምረው መኖሪያቸውን ከጕድጓዱ ውጭ፣ ጋኔት የሚባሉት ነጫጭ የባሕር ወፎች በሚፈለፍሉበት ደልዳላ ቦታ ላይ ሠሩ፤ በየማለዳው ጀልባቸውን ከእንጨት መውረጃ ወደ ባሕር አውርደው፣ ደሴቲቱን በቀዘፋ ዞረው ወደ ሥራው ይደርሳሉ፤ ባሕሩ ሲናወጥ ደግሞ በገደሉ ጫፍ ላይ በቀጭን መንገድ እየተንጠለጠሉ ይሄዳሉ። የተቈፈረውን በትንንሽ የሐዲድ ጋሪ ወደ ፋብሪካው አምጥተው፣ ፈጭተው፣ በጆንያ ይሞሉት ነበር። ነገር ግን በጆንያው ውስጥ የገባው ከድኙ ይልቅ የበሰበሰው ዐለት፣ ጀሶውና ሸክላው በዛ፤ ለክብሪትና ለመድኀኒት የሚሆን ንጹሕ ድኝ ማውጣት ስላልተቻለ የተፈጨውን ድንጋይ እንዳለ ለማዳበሪያ ሸጡት፤ ገበሬውም ያሰበውን ጥቅም ስላላገኘበት፣ ሥራው በ1930ዎቹ ተዘጋ።

ፋካሪን ያሸነፋት የራሷ ድኝ ማነስ ብቻ አልነበረም። በ1894 ኸርማን ፍራሽ የተባለ፣ በጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ የኖረ ኬሚስት፣ በሉዊዚያና ረግረግ ሥር በጥልቅ ተቀብሮ የነበረውን ድኝ ያለ ቈፋሪ የሚያወጣበትን ዘዴ በሥራ አሳየ፤ በቧንቧ እጅግ የጋለ ውኃ ወደ ታች ልኮ ድኙን ያቀልጠዋል፣ በታመቀም አየር ገፍቶ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ የወጣውም ሲረጋ ማጣራት የማያስፈልገው ንጹሕ ድኝ ሆኖ ይገኛል። ይህ ዘዴ የሲሲሊን ንግድ እንኳ ካዳከመ፣ በሩቅ ባሕር ውስጥ ያለች፣ በጀልባ የምትደረስ ትንሽ ደሴት ምን ተስፋ ነበራት? የዛሬው ድኝ ደግሞ አብዛኛው ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ ማጣሪያ ይገኛል። በሌሎችም ደሴቶች ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ በኢጣሊያ ባሕር በቩልካኖ ደሴት ላይ አንድ የስኮትላንድ ባለጠጋ የከፈተውን የድኝና የሌላ ማዕድን ሥራ ከ1888 እስከ 1890 የቈየው ፍንዳታ አጠፋው። በጃቫ በኢጄን ተራራ ግን እስከ ዘመናችን ድረስ ሰዎች ከእሳቱ አፍ የረጋውን ድኝ በዘንግ ሰብረው፣ በትከሻቸው ተሸክመው ሲወጡ ይታያሉ።

ፋካሪን በ1936 ጆርጅ ሬይመንድ በትል የተባለ ሰው ገዛት፤ የኒው ዚላንድ መንግሥት ሽጥልኝ ቢለው እምቢ ብሎ፣ በ1953 የግል ንብረት እንደ ሆነች ተፈጥሮዋ እንዲጠበቅ ተስማማ። ከዚያ በኋላ ማዕድን ፈላጊው ቀርቶ ጎብኚው መጣ። ያ የተናገርሁት የቦታው ገርነት፣ ሽማግሌም ሕፃንም ያለ አቀበት ወደ እሳቱ አፍ የሚደርስበት መንገድ፣ ብዙ ሺህ ሰው አስከተለ። በ2019 በዲሴምበር 9 ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ 47 ሰዎች በደሴቲቱ ሳሉ ተራራው በድንገት ፈነዳ፤ የጋለ እንፋሎትና ዐመድ በጕድጓዱ ወለል ላይ ተንከባልሎ አገኛቸው፤ ከእነርሱም 22 ሰዎች ሞቱ፣ የተረፉትም በብርቱ ቃጠሎ ተጐዱ። እንዲህ ያለው ፍንዳታ አዲስ የቀለጠ ድንጋይ ሳይወጣ፣ በከርሠ ምድር የታመቀ ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ብቻ የሚሆን ነው፤ የበሰበሰው ዐለት ሸክላና የቀለጠው ድኝ የእንፋሎቱን መውጫ እንደ ክዳን ሲደፍኑት ግፊቱ ይበረታል። በ1914 ግድግዳውን ያፈረሰው ያው የዐለት መበስበስ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ መውጫውን ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው። ከሟቾቹም መካከል የሁለቱ ሬሳ አልተገኘም፤ ከዐሥሩ ጋራ ባሕሩና ጭቃው አንድ አደረጋቸው።

የ1920ዎቹ ፋብሪካ ፍርስራሽ ከባሕሩ ዳር አለ፤ የእንጨቱ ምሰሶ፣ የብረቱ ጥርስ፣ የጋሪው ጐማ በአሲድ ጉም እየተበላ በየዓመቱ ይሳሳል። ብዙ ጎብኚዎች ያን ፍርስራሽ ፎቶግራፍ ሲያነሡ የዐሥሩ ሰዎች ሥራ ቅሪት ይመስላቸው ነበር፤ እርሱ ግን ከእነርሱ በኋላ የመጡት ነው። ከዐሥሩ ዘመን የቀረው፣ በጕድጓዱ ወለል ላይ የሚታየው የድንጋይና የአፈር ጕብታ ነው፤ እርሱም በእነርሱ ላይ የወረደው ግድግዳ ራሱ ነው። ይህን ታሪክ ለልጆቹ የሚያወራ አንባቢ ቢኖር፣ ከድመቱ በፊት ዐሥሩን ሰዎች እንዲያነሣ እለምነዋለሁ።